በጥቁር ሰሌዳ ላይ ዋና ላስተማሩን ክቡር ዲን

ለተከበሩ የስፖርትና የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ፋኩልቲ ዲን፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤንነትዎ፣ በተለይም ለወገብዎና ለጉልበትዎ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። ስብሰባዎ አጭር፣ ሊፍትዎም ዘወትር የሚሠራ ይሁንልዎ፤ የስፖርት ፋኩልቲ ዲን በእግራቸው ደረጃ ሲወጡ ያየ ተማሪ በእኔ ጊዜ አልነበረምና፣ ሊፍቱ የተበላሸ ዕለት ምን ይውጥዎ ይሆን እያልሁ ከልቤ እሰጋለሁ።

እኔ ከፋኩልቲዎ በማዕረግ የተመረቅሁ፣ በምረቃው ዕለትም እጄን ጨብጠው «አገር ትጠብቅሻለች» ያሉኝ ልጅ ነኝ። ከፊቴ ለነበረውም ከኋላዬ ለነበረችውም ይህንኑ ስላሉ ላያስታውሱኝ ይችላሉ፤ አልቀየምም። ዛሬ የምጽፍልዎ ላመሰግንዎ ነው። ከዚህ በፊት በግል ያቀረብኋቸው ምስጋናዎች ከጸሐፊዎ ጠረጴዛ አልፈው ስለማያውቁ፣ ይህኛውን ሰው ሁሉ እንዲያነበው ማድረጉ የተሻለ መስሎ ታየኝ።

አንደኛ፣ ስለ ዋና ትምህርቴ አመሰግናለሁ። ፋኩልቲያችን የመዋኛ ገንዳ ባይኖረውም፣ እርስዎ ግን በዚህ ትንሽ ምክንያት ትምህርቱ እንዲቋረጥ አልፈቀዱም። መምህራችን ውኃውን በሰማያዊ ጠመኔ ሰሌዳው ላይ ይስሉልን ነበር፤ እኛም አግዳሚ ወንበር ላይ በሆዳችን ተኝተን፣ እጅና እግራችንን እያወራጨን፣ «ትንፋሽ!» ሲሉን አንገታችንን ወደ መስኮቱ እናዞር ነበር። ፈተናው የጽሑፍ ነበርና እኔ ኤ አገኘሁ። ከመካከላችን ወንዝ ዳር ያደገ፣ እንደ ዓሣ የሚዋኝ አንድ ልጅ ነበር፤ እሱ የእግር ምት ዓይነቶችን በቅደም ተከተል መዘርዘር አቅቶት ወደቀ።

ሁለተኛ፣ ስለ ሥራ ፍለጋዬ አመሰግናለሁ። አንድ ሆቴል የዋና አሠልጣኝ እንደሚፈልግ ሰምቼ ማስረጃዬን ይዤ ሄድሁ። ሥራ አስኪያጁ ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩትና «በዋና ኤ! እኛም የፈለግነው እንዲህ ያለ ሰው ነው» ብለው ደስ እያላቸው ወደ ገንዳው ይዘውኝ ወረዱ። «በይ እስቲ፣ አንድ ጊዜ ወዲያ ማዶ ደርሰሽ ተመለሽ» አሉኝ። ገንዳውን በቅርብ ሳየው ከጠበቅሁት በላይ እርጥብ ሆኖ አገኘሁት። «እኔ የተማርኩት በንድፈ ሐሳብ ነው» አልኋቸው። ምንም ክፋት በሌለው ድምፅ «ልጄ፣ ሰው የሚሰጥመው ግን በተግባር ነው» አሉኝና እስከ በሩ ሸኙኝ።

ከዚያም ወደ አንድ የስፖርት ማዘውተሪያ ሄድሁ። ባለቤቷ ክብደት የሚያነሳ ወጣት እንደማይቸግራት፣ የምትፈልገው ስኳር ያለባቸውን፣ ደም ግፊት ያለባቸውን፣ ከወሊድ የተነሡትንና ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተጎልተው ወገባቸው የተያዘውን ሳይጎዳ የሚያሠራላት ባለሙያ እንደሆነ ነገረችኝ። ክቡር ሆይ፣ ያስተማሩን ትምህርት ሰው ሁሉ ወጣት እንደሆነ፣ ምንም እንደማያመውና ወደፊትም እንደማያረጅ ታምኖበት የተዘጋጀ ነውና፣ ከእነዚህ ሰዎች አንዳቸውንም በመማሪያ ክፍል ውስጥ አግኝቼ አላውቅም ነበር።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ላይ ትሕትናዬ ጎደል ቢል ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ ቤታችን ደረጃ ላይ ወድቆ የዳሌ አጥንቱ ተሰበረ። ቀዶ ጥገናው በደህና አለቀ፤ ሐኪሙ ሲያሰናብቱን ግን «እንዳታስተኙት። ቶሎ ካልተነሣ እዚያው አልጋው ላይ ይቀራል» ብለው አስጠነቀቁን። ይህን ሲሰሙ ዘመዶቼ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። አክስቴ «ተመስገን፣ የራሳችን ባለሙያ አለችን!» አለች። ፀጉር ሠሪዋ ታላቅ እህቴም ቤት እንደገባን አልጋውን ከግድግዳው ስባ፣ ምንጣፉን ጠቅልላ፣ ሥራዬን እንድጀምር ቦታ አመቻቸችልኝ።

እዚያ አልጋ አጠገብ ቆሜ የተማርሁትን ሁሉ ባስታውስ ባስታውስ፣ የመጣልኝ የመረብ ኳስ መረብ ከፍታ፣ የዱላ ቅብብል ሕግና የጥንት ውድድሮች ታሪክ ብቻ ነበር። ዳሌው የተጠገነን ሰው በየትኛው ጎኑ ደግፌ እንደማነሣው፣ ሰውነቱን በየትኛው እግሩ ላይ እንደማሳርፈው አላውቅም ነበር። ስለዚህ እጄን ሳልዘረጋ «አላውቅም» አልሁ። አጎቴ «ታዲያ ርዝመት ዝላይ ይሞክር እንዴ?» ብሎ ሳቀ፤ ብቻውን ነበር የሳቀው። እህቴ ደግሞ «ይህን ሁሉ ዓመት ምን ስታጠኚ ነበር?» ብላ ጮኸችብኝ። ያኔ አባቴ ከትራሱ ቀና ሳይል «ተዉአት። ልጄ የተማረችው ለጤነኛ ሰው ነው» አላቸው።

የእህቴ ቁጣ በማግስቱ አለፈልኝ፤ አባቴ ለእኔ ጥብቅና የቆመበት ያ ቃል ግን እስከ ዛሬ ያመኛል።

በነጋታው ሆስፒታል ሄጄ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋን ለመንኋት። ከስፖርት ትምህርት ክፍል መጥቶ በሯን ያንኳኳ ሰው አይታ እንደማታውቅ ነገረችኝና ጠዋት ጠዋት አጠገቧ እንድቆም ፈቀደችልኝ። ከእሷ ያየሁትን ማታ አባቴ ላይ እሞክር ነበር፤ የተጠራጠርሁትን ደግሞ ተመልሼ እጠይቃት ነበር። አባቴ መጀመሪያ ላይ «እኔ በጎማ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ እግር ለምኔ ነው?» እያለ አስቸገረኝ፤ ላብ እያጠመቀውም፣ ጥርሱን እየነከሰም ተነሣ። በመደገፊያው ኮሪደሩ ላይ መሄድ የጀመረ ዕለት «መንገድ ልቀቁ፣ ፍሬን የለኝም!» እያለ ቤቱን አናወጠው። አሁን ከጎረቤቶቹ ጋር ሊጨዋወት በራሱ እግር ይወጣል። አጎቴም እንደ ድሮው ይቀልዳል፤ አብረነው እንስቃለን።

አራተኛ፣ ስላደመጡኝ አመሰግናለሁ። ይህን ሁሉ ካየሁ በኋላ ከሁለት የክፍል ጓደኞቼ ጋር ቢሮዎ ድረስ መጥተን፣ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት በሆስፒታል፣ በአረጋውያን መኖሪያና በየመሥሪያ ቤቱ እየተገኙ ከእውነተኛ ሰው ጋር እንዲለማመዱ፣ ቀጣሪዎችም ምን እንደጎደለን በግልጽ እንዲነግሩዎ ለመንንዎ። እርስዎም «ትምህርታችን ከሥራ ገበያው ጋር መዘመን አለበት!» ብለው ጠረጴዛውን መቱ፤ እኛም በደስታ ደረጃውን እየሮጥን ወረድን።

ቃልዎንም አላጠፉም። በጥቂት ወራት ውስጥ ፋኩልቲው «የእንቅስቃሴ ሳይንስ፣ የጤንነት ፈጠራና የዲጂታል ስፖርት ፋኩልቲ» ተባለ። ስሙ ከመርዘሙ የተነሣ ታፔላው የጂምናዚየሙን መስኮት ስለሸፈነው ተማሪዎቹ በጠራራ ፀሐይ መብራት አብርተው እንደሚሠሩ ሰምቻለሁ። ቀጥሎም «ቀጣሪዎች ምን ይፈልጋሉ?» በሚል ርእስ ዓውደ ጥናት አዘጋጁ፤ ቀጣሪ ግን አልተጠራም። እኔ እጃቸውን ይዤ ያመጣኋቸው የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ሊናገሩ እጃቸውን ሲያነሡ «ጥያቄ በመጨረሻ ነው» ተባሉ፤ መጨረሻው ደግሞ ምሳ ሆነ። የዋናው ትምህርትም እንደተሻሻለ ላለመመስከር ንፉግ አልሆንም፤ ጠመኔው በፕሮጀክተር ስለተተካ ውኃው አሁን ይንቀሳቀሳል።

አምስተኛውንና የመጨረሻውን ለማቅረብ ከባለጉዳይዋ ፈቃድ ተቀብያለሁ።

እርስዎን መጠበቅ ሲያታክተን፣ ከእነዚያው ጓደኞቼ ጋር ቀድሞ የአናጢ ቤት የነበረ አዳራሽ ተከራይተን፣ የእንጨት ብናኙን ጠርገን፣ አረጋውያንን ማሠራት ጀመርን። አንድ ጠዋት አንዲት እናት በሹፌር ተደግፈው ገቡ። አለባበሳቸው ያማረ፣ ጨዋታቸው የሚጥም ነበር፤ ነገር ግን ከተቀመጡበት ለመነሣት ሁለት ሰው ያስፈልጋቸው ነበር። ሕመማቸውን ብጠይቃቸው «ምንም አላመመኝም። ልጄ የስፖርት ዶክተር ነው፤ ‹እማዬ፣ አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ› አለኝ። ተቀመጥኩለት፤ ተቀምጬ ቀረሁ» አሉኝ።

ልጃቸው ማን እንደሆነ ስጠይቃቸው የእርስዎን ስም በኩራት ጠሩልኝ።

ክቡር ሆይ፣ እውነቱን ለመናገር በዚያች ቅጽበት በእርስዎ መቀለድ አስጠላኝ። እናቱን የሚወድ ልጅ በቅንነት የሰጠው ምክር እንደሆነ ገባኝ፤ እርስዎም እንደ እኔ በዚያ አልጋ አጠገብ ቢቆሙ ከእኔ የተለየ ነገር እንደማያውቁም ገባኝ። ልዩነታችን አንድ ነው፤ እኔ አላውቅም ብዬ ልማር ሄድሁ፣ እርስዎ ግን አለማወቅዎን ማዕረግ አድርገው ለተማሪ ሁሉ ያድላሉ። ባለፈው ሰሞን እንኳ ከአዲሱ ታፔላ ሥር የተመረቀች ልጅ ሥራ ፍለጋ መጥታ፣ አንድ አዛውንት እንድታስነሣ ብንጠይቃት እጆቿን ወደ ኋላ ሰብስባ ቆመች። ፊቷን ማየት አልቻልሁም። ስንት ልጅ በስንት አልጋ አጠገብ እንዲህ እስኪቆም ነው የሚጠብቁት?

እናትዎ በርትተው ሠሩ። «ይህን ነገር ልጻፍለት እንዴ?» ብዬ ሳማክራቸው «ጻፊለት እንጂ። እኔ ልነግረው ስጀምር ስልኩ ይጠራል» አሉኝ። ስለዚህ ጻፍሁ።

ለተማሪዎችዎ የሚዳስሱት ሰው፣ የሚገቡበት ውኃ፣ የሚጠይቁት ቀጣሪ ይስጧቸው ከማለት በቀር ሌላ ልመና የለኝም። ላስተማሩኝም፣ ሳያስተምሩኝ ለቀሩትም ሁሉ ምስጋናዬ ወደር የለውም።

ከፍ ካለ አክብሮት ጋር፣ እጅ እየነሣሁ፣

በንድፈ ሐሳብ ዋናተኛ፣ በማዕረግ ተመራቂ፣ በሆስፒታል ኮሪደር የሠለጠንሁ የቀድሞ ተማሪዎ

ማሳሰቢያ፦ እናትዎ ባለፈው ሳምንት ከወንበራቸው ያለማንም እርዳታ ተነሡ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። መልመጃው ለማንኛውም ሰው እንደሚሆን ስላረጋገጥን፣ ለሚቀጥለው ዙር የእርስዎን ስም አስገብተናል። ከወንበር መነሣት መጀመሪያ ላይ ያስፈራል እንጂ፣ ከተነሡ በኋላ ለራስም ለሌላውም ትልቅ እፎይታ እንዳለው እናትዎ ይመሰክራሉ።