ገጽ የማይዘለው ሙሽራ

እሺ አለች! እማዬ እሺ አለች፣ ልጄ ልትዳር ነው! እልል በይ፣ ባትፈልጊም በይ!

ደስታው ሰላምታዬን ቀደመው፤ ይቅር በይኝ እትዬ። እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽን ተሻለሽ? ባልሽ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው? እኛ፣ እማዬ ከአልጋ አለመነሳቷ ካልሆነ በቀር፣ ደህና ነን።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ። በስልክ ያልሽኝ ነገር እስካሁን ጉሮሮዬ ላይ ቆሟል። ፈጣሪን የማይፈራ ሰው ነገ ሚስቱን ጥሏት እንዳይሄድ ምን ይይዘዋል አልሽ። ልጄ ደግሞ ያሳደግሻት አንቺ ነሽና፣ "አክስቴ ካልመረቀችኝ አላገባም" ብላ ቁጭ አለች። መሐል ላይ የምፈጨው እኔ!

እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔንም ከንክኖኝ ነበር። እጮኛዋ ሊፍት ጠጋኝ ነው፣ ሥራ ወዳድ፣ ሰው አክባሪ፣ ሁሉ ነገሩ ሸጋ፤ ግን አያምንም! አንድ ቀን እጁን ሲታጠብ አፋጥጬው፣ "ታዲያ ክፉ እንዳትሠራ ምን ይከለክልሃል?" ብለው፣ "እርስዎን እምነትዎ ባይከለክልዎት ኖሮ ምን ሊያደርጉኝ ነበር?" ብሎኝ አረፈ። ሳቄም መጣ፣ ንዴቴም መጣ።

እማዬ ዓይኗ ከጠፋ ወዲህ አመሻሽ ላይ የጸሎት መጽሐፏን በየተራ እንደምናነብላት ታውቂያለሽ፤ አንቺም ስትመጪ ታነቢላታለሽ። እሱ የሕንፃችንን ሊፍት ሊጠግን መጥቶ ውሃ ሲጠይቀን፣ ድምፁን ሰምታ "ና አንብብልኝ" አለችው። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ሲወጣ እየመጣ እሱ ያነብላታል። ከልጄም የተዋወቁት በዚሁ ነው።

እማዬ ሁለተኛው ገጽ ላይ ማንኮራፋት ትጀምራለች። እሱ ይቀጥላል። ለተኛች አሮጊት፣ የማያምንበትን ነገር፣ ቃል በቃል! በር ላይ ቆሜ ስንቴ ሰምቼዋለሁ። "ተኝታለች እኮ፣ ተወው" ብለው፣ "እስከ መጨረሻው አነብልሻለሁ ብያታለሁ" አለኝ፤ አለቀ። ማንን ፈርቶ ነው እትዬ? እስቲ ንገሪኝ! ላይ ማንም የለም ይላል፣ ታች ያለችው ተኝታለች!

ትናንት ይህንን ለእማዬ ብነግራት አንገቷን ቀና አድርጋ፣ "ማን ተኛ? መጽሐፉን በቃሌ አውቀዋለሁ። እያንኮራፋሁ ሁላችሁንም ፈትኛችኋለሁ። ገጽ የማይዘለው እሱ ብቻ ነው" አለችኝ። አንዷ ልጇማ ሦስት ገጽ ባንዴ ትገለብጣለች አለች። እኔን ማለቷ አይደለም። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

"አያምንም እኮ" አልኳት፣ ያንቺ ጠበቃ ሆኜ። "የእሱንና የፈጣሪን ጉዳይ እኔ ቀድሜ እላይ ስደርስ እነጋገርበታለሁ። እናንተ ብቻ ሠርጉን አፍጥኑልኝ" አለች። በጋው ሲገባ ይሁን ብለን ነበር። ቀኑን አቀረብነው።

ስለዚህ እትዬ፣ ተቆጪ፣ ተከራከሪ፣ ግን እዚሁ መጥተሽ ተከራከሪ። ልጄ ምርቃቱን ካንቺ አፍ ትጠብቃለች። እማዬም አንቺ እንድታነቢላት ትፈልጋለች፣ ብታንኮራፋም ባታንኮራፋም። ጤና ይብዛልሽ፣ ቤትሽን ሳቅ አይለየው።

ታናሽ እህትሽ

ባልሽንም ልጆቹንም ይዘሽ ነው የምትመጪው፤ ጉልበቴ ምናምን የሚል ሰበብ አልሰማም። ሊፍቱ እንደሆነ ይሠራል። ለሠርጉ ሁላችሁም፣ የፊታችን ቅዳሜ ሳይሆን የሚቀጥለው ቅዳሜ!