የአዩታያ ሽማግሌዎች

ሐረር
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምትናፍቂኝ ልጄ ለብሌን፤

እንደምን ከረምሽልኝ? እኔና አባትሽ ደህና ነን። ጉልበቴም ተሽሎታል፤ ያ የታይላንድ ሙቀት ሳይጠቅመኝ አልቀረም። ይህችን ደብዳቤ የምታደርስልሽ የጀጎሏ ጓደኛዬ የጃሚላ ልጅ ፈቲያ ናት፤ ጨርቅ ልታመጣ ባንኮክ እየሄደች ነው። ጃሚላ በእጇ የሰፋችውን ሰፌድም ለወዳጅሽ ለአኑቻ እናት ልኬላቸዋለሁ። ግድግዳ ላይ ይስቀሉት፣ ሩዝ ይብሉበት፣ እንደፈለጉ።

ከተመለስኩ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ ስለ አዩታያ አውሪን ይለኛል። እኔም አልሰንፍም! የፈረሰውን የጡብ ከተማ፣ ራስ የሌላቸውን ቡድሃዎች፣ ቢጫ ጨርቅ እንደ ነጠላ ጣል አድርገው የተደረደሩትን እተርካለሁ። ዛፍ በሥሩ አቅፎ ስለያዘው ራስ ስነግራት ጃሚላ "ወላሂ?" አለች። ፎቶ ለመነሳት ከእሱ ራስ ዝቅ በይ ብለው ቁጢጥ ሲያደርጉኝ ጉልበቴ መጮኹን ግን ዘለልኩት። "ከጀጎል ይበልጣል?" ብትለኝ "የት አባቱ! እዚያ ውስጥ የሚኖር የለም፤ እዚህ አንቺ አለሽ" አልኳት። ደስ አላት።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። እዚያ የመጣሁት አገር ልጎበኝ እንዳልነበር ታውቂያለሽ። "ሽማግሌ ያልላከ ልጄን አያገባም" ብሎ አባትሽ የላከኝ ጓዝሽን አስጠቅልዬ እንድመልስሽ ነው። አንቺም ገብቶሻል፤ ወሬ እንዳልጀምር ከቤተ መቅደስ ቤተ መቅደስ ስታዞሪኝ ሰነበትሽ።

የመጨረሻው ቀን አንቺና አኑቻ አበባ ልትገዙ ስትሄዱ እኔ ከእናቱና ከሁለቱ አጎቶቹ ጋር አንድ ዛፍ ጥላ ሥር ቀረሁ። ወንበር ሞልቷል። እነሱ ግን አይቀመጡም። "ኧረ ተቀመጡ" ብዬ በእጄ አሳየኋቸው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ ገጥመው ጎንበስ አሉ እንጂ አልተቀመጡም። ደግሜ ለመንኳቸው፤ እምቢ! ያኔ ነገሩ ገባኝ። ሦስት ትልልቅ ሰዎች፣ መልስ ካልሰጣችሁን አንቀመጥም ብለው የቆሙ፤ ሽማግሌ ማለት ይኸው አይደል? የእኔንም አባት የአባትሽ ሽማግሌዎች ያሸነፏቸው እንዲህ አድርገው ነው። ትልቁ አጎት ላብ በላብ ሆነዋል። እናትየው አንዴ በዚህ እግራቸው፣ አንዴ በዚያኛው ይቆማሉ። አንጀቴን በሉት። "በቃ ሰጥቻለሁ! ልጄን ሰጥቻችኋለሁ፣ ተቀመጡ!" ብዬ በአማርኛ ጮኼ እኔም ወንበሩ ላይ ዘፍ አልኩ። ወዲያው ሦስቱም ተቀመጡ። እንባዬ መጣ፤ እናትየውም እጄን ይዘው አብረውኝ አለቀሱ።

ያን ቀን ያልነገርኩሽ፣ አባትሽ ሳይሰማ ደግ ስላልሆነ ነው። ቤት እንደገባሁ ነገርኩት።

"ስንት ሆነው መጡ?" አለኝ።

"ሦስት።"

"ቆመው ጠየቁ?"

"ቆመው።"

"እንዲህ ካከበሩንማ ምን እላለሁ? ቃልሽ ቃሌ ነው" አለ። ከዚያ ወዲህ ኤረር በር ያገኘውን ሁሉ እያስቆመ "ልጄን እኮ በሽማግሌ ጠየቋት፣ ያውም የታይላንድ ሽማግሌ!" እያለ ያወራልሻል። የሃይማኖቱን ነገር የንስሐ አባታችን አባ ኪዳነወልድ "ልጁ ይምጣና እንነጋገር" ብለዋል። እሱን ለእሳቸው እንተወው።

ስለዚህ ፈቅደናል ልጄ። እልል በይ! ከፋሲካ በኋላ ይዘሽው ነይ። ሸሚዙን እየተኮሰ ይልበስ፣ አባትሽ የተጨማደደ አይወድም።

እመቤቴ በእቅፏ ትያዛችሁ። ሁለታችሁንም ነው ያልኩት።

እናትሽ ለተማርያም

አንድ ነገር ቀረኝ። ባለፈው ስትደውዪ "እማዬ፣ የአኑቻ እናት ያን ቀን ለምን አልቀመጥ እንዳልሽ ይጠይቁሻል፤ እንግዳ ሳይቀመጥ እነሱ አይቀመጡምና አንቺን ሲጠብቁ እግራቸው ዛለ" አላልሽኝም? እኔ "እህ" ብዬ ወሬ የቀየርኩት አባትሽ አጠገቤ ስለነበረ ነው። ትንፍሽ እንዳትዪ። እኔ እንደሆነ የሰጠሁትን አልመልስም።