ስለሚያብረቀርቁት የራስ ቁሮቻችን

ለተከበሩ ኮሎኔል ላሚን ገርቢ፣ የመርሳ ዘርቃ ከተማ እሳት አደጋ መከላከያ ዋና ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ከራስ ፀጉርዎ እስከ እግር ጥፍርዎ ደኅና እንዲሆኑልን ከልብ እመኛለሁ፤ በተለይ ራስዎ፣ ምክንያቱም ከእኛ ራሶች ሁሉ እጅግ በተሻለ ሁኔታ ተጠብቆ የሚገኘው የእርስዎ ነው። እኔ የወደቡ ጣቢያ ሹፌር ሙንጂ ትራበልሲ ነኝ። አቤቱታዬን በቢሮዎ በር ቆሜ ለመንገር ደጋግሜ ብሞክርም ስብሰባ ላይ ስለነበሩ፣ እንዳላስቸግርዎ ብዬ በጋዜጣ ጻፍኩ።

አንደኛ፦ ባለፈው ፀደይ ሚኒስትሩ ሊጎበኙን ሲመጡ ጥላሸት የለበሱት የራስ ቁሮቻችን ዓይንዎን ስላስከፉት ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኛ የምናጸዳቸው ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ነበር፤ ጓንት አድርገን፣ የውስጡን ገበር አውልቀን ለብቻው አጥበን፣ ጥላሸቱ መርዝ ነውና ወደ ቤታችን ሳንወስድ እዚያው ጣቢያው ውስጥ ጥላ ሥር እናደርቃቸው ነበር። ይህ ግን እርስዎ እንዳሉት ድምቀት የለውም። «ጥቁር ቆብ ደፍታችሁ ሚኒስትር ልትቀበሉ? አታዋርዱኝ እንጂ!» ብለው አኳራጅ የተባለውን የቀለም ማሟሟቻ በጀሪካን ላኩልን። በአኳራጅ ፈተግናቸው፣ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅናቸው፣ ነጭ ቀለም ረጨንባቸው፣ ከዚያም ቶሎ እንዲደርቁ ጣሪያው ላይ ለፀሐይ አሰጣናቸው።

ቀልደኛው ባልደረባችን ሸድሊ የራሱን ደፍቶ፣ «በሉ እልል በሉልኝ፣ የዛሬው ሙሽራ እኔ ነኝ!» ሲል ሁላችንም ሳቅን። የቡድን መሪያችን ኑረዲን ብቻ ጠርዙን በጣቱ ጫን ጫን እያደረገ፣ «ይሄ ነገር እኮ እንደ ብስኩት ሆኗል፣ ኮሎኔል» አለዎት። እርስዎም «አንተ ደግሞ ማሟረት ትወዳለህ» ብለው ትከሻውን መታ አደረጉት። ጉብኝቱ እጅግ አማረ፤ ፎቶግራፉም ቢሮዎ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ሰምቼ ደስ ብሎኛል።

ሁለተኛ፦ የሰርዲን ፋብሪካው ሲቃጠል ሸድሊ ደረጃው ሥር ቆሞ ቱቦ ይዞ ነበር። ከጣሪያው የወደቀበት አንድ ሸክላ ነው። ቁሩ ሳይቀባ በፊት ከዚያ የከበደ ነገር ወድቆበት አቧራውን አራግፎ ሲስቅ አይቼዋለሁ፤ ያን ዕለት ግን ነጩ ቁር ለሁለት ተሰነጠቀ። ኑረዲን ተሸክሞት ወጣና መኪናው አጠገብ አስተኛው። እኔም ጎንበስ ብዬ እጁን ስይዘው፣ «ሙንጂ፣ መብራቱን ምን ነካው? ማነው ያጠፋው?» አለኝ። ክቡር ኮሎኔል፣ ጊዜው ቀትር ነበር፤ ፀሐይዋም አናታችን ላይ ነበረች። «አሁን ይመጣል፣ ወንድሜ» አልኩት። እስከ ዛሬ አልመጣለትም። ልጠይቀው ስሄድ ድምፄን ሰምቶ ፊቱን ያዞራል፤ ግን ወደ እኔ አይደለም፣ ወደ በሩ ነው።

እርስዎ ግን ሆስፒታል ድረስ አበባ ይዘው መጡ፤ «የአላህ ነገር ነው፣ ቁሩማ ደኅና ነበር፣ ሲያብረቀርቅ በዓይኔ አይቻለሁ» ሲሉም አጽናኑን። ዓይን ላለው ሰው ማየት ምን ያህል እንደሚጠቅም ያን ቀን ተረዳሁ። አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፦ ለጣቢያው የምሥረታ በዓል ቁሮቹ ዳግም እንዲቀቡ ያዘዙት ትእዛዝ ደርሶናል፤ አዲሱ አኳራጅም መጥቶ በር ላይ ቆሟል። ማናችንም አልከፈትነውም፣ አንከፍተውምም። የተቀቡት ሁሉ ተሰብስበው እንዲወገዱና አዲስ እንዲገዛልን በትሕትና እንለምናለን፤ እስከዚያው ግን ያሉን እነሱ ብቻ ናቸውና ደወል ሲመታ ደፍተናቸው እንወጣለን። የበረሃው ነፋስ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እየነፈሰ ነው። ከከተማው በላይ ያለው የጥድ ደንም ደርቆ ሲንቋቋ ጣቢያው ድረስ ይሰማል።

ያለ ማቋረጥ ለክብርዎ የማስብ፣ የበዓሉም ቀን ብዙ እንግዳ እንዲሞላልዎ የምመኝ ታዛዥዎ፣
ሙንጂ ትራበልሲ

ማስታወሻ፦ የእህትዎ ልጅ ሪያድ ባለፈው ሳምንት ቡድናችንን ተቀላቅሏል፤ ትጉህና ሰው አክባሪ ነው። የደረሰው ቁር ከተቀቡት አንዱ ነበር። እኔ በቀለሙ ቀን የራሴን ቁር ከሹፌር ወንበሬ ሥር ደብቄው ስለነበር ሳይነካ ቀርቷል፤ እናቱ ምን አጠፋች ብዬ ለእሱ ሰጠሁት። የእሱን እኔ ደፍቼዋለሁ። ልጁ አያውቅም፤ እርስዎ ግን ይወቁት።