ግማሹ ለዘነቡ

እማዬ፣

ከተለየሽን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። መቁጠሬን ለማንም አልነገርኩም።

ቤቱ እንዳለ ነው። ሽኩና ጊሜል የሚሉት ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ያው አልገጥም ያለው የወጥ ቤት መስኮት። አቧራው አሁንም ይገባል። ዖሜር ከተማ እየሄድሽ ቤታቸውን ታጸጂላቸው የነበሩት ሴትዮ ደውለው ነበር። መሞትሽን ስነግራቸው "ልቧ ነው?" አሉኝ። ልቧ ነው አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ።

አንድ ነገር ግን ተለውጧል። እህትሽ ዘነቡ መጣች። ያን ሁሉ ዓመት ጎንደር ቁጭ ብላ ወደዚህ አገር ለመምጣት ተራ ስትጠብቅ ኖራ፣ አንቺ ከሞትሽ በኋላ ደረሳት። የምትተኛው አልጋሽ ላይ ነው። ከጀርባዋ ሳያት አንቺን ትመስለኛለች። ስትዞር አትመስልም። ጥርሶቿ ሙሉ ናቸው።

የምጽፍልሽ ስለ ጥርስሽ ነው።

ድድሽ አብጦ መግል ሲይዝ፣ ትራስሽ ላይ ደም ሳይ፣ ክሊኒክ እንሄድ ነበር። "ጥርሱ ይነቀል" ሲሉሽ እሺ ብለሽ ትወጪና ለመንቀያው አትመለሺም። አንቲባዮቲኩን ብቻ ትቀበያለሽ። የሰባት ቀን። ሐኪሟ በዕብራይስጥ የምትለውን በአማርኛ የምነግርሽ እኔ ነበርኩ፤ ቢሻልሽም እስከ መጨረሻው ዋጪ ብዬሻለሁ። በሦስተኛው ቀን እብጠቱ ሲጎድል መቀስ ታነሻለሽ። የክኒኑን እሽግ መሐል ለመሐል። "እኔ ድኛለሁ። እዚያ ማን ይሰጣታል? ግማሹ ለዘነቡ።" በጨርቅ ጠቅልለሽ ወደ ጎንደር ለሚሄድ ሰው ትሰጫለሽ። ወረቀቱ ላይ "ለጥርስ፣ ጠዋትና ማታ" ብዬ የምጽፈው እኔ። ከጥቂት ወር በኋላ እብጠቱ ይመለሳል፤ ጥርስሽም በየተራ በራሱ ይወልቃል። እንደገና ክሊኒክ። እንደገና መቀስ። ስንት ዓመት።

ከቀብርሽ በኋላ ሐኪሟን ጠየቅኋት። ድድ ውስጥ ለዓመታት የኖረ ባክቴሪያ የልብን የደም ሥር ሊጎዳ ይችላል ብለው የሚጠረጥሩ አሉ፣ ግን አልተረጋገጠም አለችኝ። "እናትሽ ደም ግፊትም ነበረባት፣ ራስሽን አታስጨንቂ" አለች። አመስግኜ ወጣሁ። አውቶቡስ ውስጥ "አልተረጋገጠም" የሚለውን ቃል ደጋገምኩት። ቢረጋገጥ ይሻለኝ ነበር? የተረጋገጠ ነገር አንድ ቦታ ይቀመጣል። ይሄኛው በሄድኩበት ይከተለኛል።

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ጉንጭ አበጠ። ይዣት ሄድኩ። ያው ክሊኒክ፣ ያው የሰባት ቀን መድኃኒት። በአራተኛው ቀን ጠዋት ወደ ሥራ ልወጣ ስል መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አየሁት። እጇ ወደ እሽጉ ሲሄድ ቆሜ ቀረሁ። ሳቀችብኝ።

"አንቺ ደግሞ እንደ ፖሊስ ምን ታፈጥጪብኛለሽ? እኔ ድኛለሁ። እዚያ የቀሩ ሰዎች አሉ።"

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "የእናትሽ መድኃኒት ባይደርስልኝ ይሄኔ የለሁም። ከአፏ ነጥላ ነው ያኖረችኝ።"

ልነግራት ነበር። አፌ ተከፍቷል። እሷ የዳነችበት አንቺን የገደለሽ ሊሆን ይችላል፣ ሊሆን ይችላል ብቻ፣ ብዬ እንዴት ልንገራት? መቀሱን አንስቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ውኃ ቀዳሁላት። "ዋጪ አክስቴ" አልኩ። እስክትውጥ ቆምኩ። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን ቆምኩ። ለአንቺ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ቆሜልሽ አላውቅም።

ትናንት የመጨረሻዋን ዋጠች። ባዶውን እሽግ ልትጥለው ስትል ተቀበልኳት። አልተቆረጠም። ፎቶሽ ያለበት መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

ለእሷ አልነግራትም። እኔ ግን አልረሳም፤ መቀሱንም፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን የራሴን የእጅ ጽሑፍም። ሰው "ልቧ ነው?" ሲለኝ ልቧ ነው እላለሁ። ብቻዬን ሳስብሽ ግን የማየው አፍሽን ነው፤ ስትስቂ በእጅሽ የምትሸፍኚውን።

ልጅሽ