የቀላው ግራ ዓይንሽ

የዓይኔ ብርሃን፣ ያለሽበት ሁሉ ሰላም ይሁንልሽ። እኛ ደህና ነን፤ የአባትሽም ጉልበት ተሽሎታል።

እሁድ በቪዲዮ ስናወራ ሌንስሽን በቧንቧ ውሃ አለቅልቀሽ ዓይንሽ ውስጥ ስትመልሺው አየሁ። ግራ ዓይንሽም ቀልቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አቃተኝ። አባትሽ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ከማስተማር ጡረታ ወጥተሽም ማረም አልተውሽ?» ይለኛል። አልተውም! ሌንስ የሚታጠበው በራሱ ፈሳሽ ነው፤ የትናንቱም ፈሳሽ ይደፋል እንጂ አዲስ አይጨመርበትም። ደግሞ አድርገሽው እንዳትተኚ።

በስልክ ብነግርሽ «እሺ እማ» ብለሽ ትዘጊብኛለሽ ብዬ ነው የጻፍኩት። ይህን እንዳነበብሽ አውልቂውና ዛሬውኑ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሂጂ። መነጽር ያስረጀኛል እንደምትዪ አውቃለሁ። ግድየለሽም፣ ለእኔ ስትይ መነጽርሽን አድርገሽ ደውዪልኝ፤ እኔም አርፌ ልቀመጥ። ዓይንሽን ከክፉ ሁሉ ይጠብቅልኝ።

እናትሽ