ፊቷን የፋቅሁበት ድንጋይ

ደብረ ማርቆስ፣ የካቲት ፳፪ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለመምህሬ፣ ለየኔታ፤

ከተለየሁዎ ጀምሮ ጤናዎ እንዴት ነው? ቁርጥማቱስ ተሻለዎ? እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነኝ፤ ንዴቱ ግን እህል አላስበላ ብሎኛል።

ዓምና አስጠርተው፣ «ጣሊያን ደብሩን ሳያቃጥል ዋናውን መጽሐፍ ዋሻ እንሸሽገው፤ አንተ መሳዩን ሥራና በቦታው እናስቀምጥ፤ ወሬው እንዳይወጣ ለካህናቱም አትንገር» ያሉኝን አይረሱትም። አመንኩዎ። ሰባት ወር አጎንብሼ ጻፍኩ። ብራናውን በጭስ አጠቆርኩ፤ የጧፉን ጠብታ ሳይቀር በየቦታው አንጠባጠብኩ። በመጽሐፉ ውስጥ ያለችውን የእመቤታችንን ሥዕል ከነፊቷ ሙሉ አድርጌ እንደሣልኳት ስነግርዎ፣ የዋናው ፊት ሕዝብ ሲሳለመው ኖሮ ጠፍቷልና፣ «ፊቷን አጥፋው» አሉኝ። ለመጽሐፉ ደኅንነት ነው ብዬ፣ በድንጋይ ፋቅሁት።

ባለፈው ሳምንት እዚህ የአንድ ጣሊያን ሹም ቤት ግድግዳ ስቀባ፣ መጽሐፋችን ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ አየሁት። ፊቷ የለም፤ ያጠፋው ግን የተሳላሚ ከንፈር እንጂ የእኔ ድንጋይ አይደለም፤ የራሴን ሥራ አላጣውም፤ ይህ ዋናው ነው። አስተርጓሚው እየሳቀ፣ ሹሙ ከአንድ ዓይነ ስውር መምህር በበቅሎ እንደለወጠው ነገረኝ። የክርስትና ልጄ ሰጠኝ ያሉን በቅሎ ይህች ኖራለች?

እናቴ እኮ በየእሑዱ መጽሐፉ ሲዞር ያንን የድንጋይ ፍቅ ትሳለማለች። ለልጇ ዕድሜ የምትለምነው እሱ ላይ ነው። ዓይንዎ ሳይጠፋ ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ ቀለም መበጥበጥ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ አታላይ ያደረጉኝም እርስዎ ነዎት። አፈርኩብዎ።

ደብዳቤ የሚያነብልዎ ቄስ አካለ ወልድ እንደሆኑ አውቃለሁ። ከሩቅ የመጣ ደብዳቤ ሲነበብ አገሩ ሁሉ እንደሚከብም አውቃለሁ። ስለዚህ መልእክተኛዬን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ከዛፉ ሥር ተቀምጦ ሳለ ካልሆነ እንዳይሰጥ አደራ ብዬዋለሁ። ቄስ አካለ ወልድ፣ እባክዎን እዚህ ላይ እንዳያቆሙ፤ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡ። የእኔም ጥፋት ይሰማ፤ የሚፈረድብኝን እቀበላለሁ።

ሹሙ ማክሰኞ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። መጽሐፉ በእንጨት ሣጥን ገብቶ ከኋላ በምትሄደው መኪና ይጫናል። በእናንተ በኩል፣ ሉማሜን ረፋድ ላይ ያልፋሉ። ጠባቂዎቹ ሁለት ወታደሮች ብቻ ናቸው።

የምትሰሙኝ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ጉልበት ይስጣችሁ፤ መንገዳችሁን ያቅናላችሁ።

ተማሪዎ የነበርኩት