የጋሼ ጊታር አንገት

ውድ ጋሼ፣

ለሕክምና ከሄዱ ወዲህ ዓይንዎ እንዴት ሆነ? ይህን ደብዳቤ እርስዎ ራስዎ እንደማያነቡት አውቃለሁ። ሐኪሙ ፋሻውን እስኪያነሳልዎ ድረስ የምታነብልዎ ልጅዎ ናት። ስለዚህ እህቴ፣ አስቀድሜ አንቺን ልለምንሽ፤ መሃል ላይ የሚያስደነግጥ ነገር ብታገኚ እንዳትዘልዪው። እንደተጻፈ አንብቢላቸው።

ሰኞ ዕለት ሦስት ጊዜ ደውዬልዎት ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዓይንዎ ጠይቄ፣ ስለ ሱቁ ጣሪያ አውርቼ፣ "ሌላስ የሆድሽን?" ሲሉኝ "ደህና ነው" ብዬ ዘጋሁት። እኔን ብሎ ደፋር። በወረቀት ይሻለኛል ብዬ ነው፤ ቢያንስ ወረቀት ትንፋሽዎን አያሰማኝም።

ከስድስት ዓመት በፊት ሱቃችን ጊታር ይዞ የመጣ አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፤ ረጅም፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ። ጊታሩን በወጣትነቱ ከአንድ መርከበኛ እንደገዛውና የጃፓን ሥራ እንደሆነ ነገረን። እርስዎ አንገቱን ጨበጥ አደረጉና የራስዎን ጊታር ከግድግዳ አውርደው አስያዙት። "ልዩነቱ አይታወቅህም? የጃፓን አንገት እንዲህ መዳፍ ይሞላል። ያንተ ፎርጅድ ነው፤ ግን አትዘን፣ ለመማሪያ ይሆናል" አሉት። ሁለት ደንበኞች ቆመው ይሰሙ ነበር። ሰውየው አመስግኖ ወጣ።

ሰኞ ጠዋት ያንኑ ጊታር ይዛ የመጣችው ሚስቱ ናት። እሱ ካረፈ ዓመት ሊሆነው ነው። ከዚያን ቀን በኋላ ጊታሩን ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጦ አንድም ቀን እንዳላወረደው ነገረችኝ። ልጆቹ "ጃፓኑ" እያሉ ሲቀልዱበት አብሯቸው ይስቅ ነበር፤ ሊሞት ሲል ግን "እኔ አልዋሸሁም" ብሏታል። አሁን ወንዱ ልጇ አሮጌ ዕቃ ሲያስወግድ ጊታሩንም አብሮ ሊጥለው ነው።

"ዋጋው አይደለም የቸገረኝ" አለችኝ። "ባሌ ዋሽቶኝ ከሆነ ልወቀው። ካልዋሸም ልጆቹ ይወቁለት። ሐሙስ በአራት ሰዓት እመለሳለሁ፣ ኦርጅናል ይሁን ፎርጅድ መርምረሽ ወረቀት ጻፊልኝ።"

በመጀመሪያው ስልክ የነገሩን ጫፍ ነካ አድርጌልዎት ነበር። "ያ አንገቱ ሸምበቆ የሚያክለው? ሴትዮዋን አታመላልሻት፣ ፎርጅድ ነው ብለሽ ጻፊላት" አሉኝ።

ፎርጅድ አይደለም ጋሼ። አራቱን ብሎኖች ፈትቼ አንገቱን ከገላው አላቀቅሁት። ሥሩ ላይ የፋብሪካው ማኅተም ከነወሩ ከነዓመቱ አለ። ከክሩ ሥር ያሉትን ማግኔቶች ገልብጬ አየሁ፤ ሽቦው፣ ብየዳው፣ ሁሉም እንደተወለደ ነው፣ የሌላ ሰው እጅ አላረፈበትም። "ስም አትመኚ፣ ስም ይለጠፋል፤ አንድ ፋብሪካ ለሃያ ነጋዴ በሃያ ስም ይሠራል፣ አንቺ ሆዱን እዪ" ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። እንዲህ ያለ ያልተነካ ጊታር ሱቃችን ውስጥ ከተሰቀለው ሁሉ የበለጠ ዋጋ ያወጣል።

ታዲያ አንገቱ ለምን ቀጠነ ይሉኛል። እሱ አልቀጠነም። የወፈረው የእርስዎ ነው፣ ያወፈርኩትም እኔ ነኝ።

ይኸው ወጣልኝ። ተነስቼ ውሃ ጠጥቼ ተመለስኩ።

ሱቅዎ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት እህትዎን ሊያስታምሙ ዐሥር ቀን ሄደው ነበር። ሲሄዱ "ሚስማር፣ የኔን ጊታር ክሩን ብቻ ቀይሪልኝ፤ ሌላ ነገር እንዳትነኪ" አሉኝ። ክሩን ቀየርኩ። ከዚያ አንገቱ ትንሽ የጎበጠ መሰለኝና፣ ሲመለሱ ደስ ይበላቸው ብዬ፣ ውስጡ ያለውን ማቃኛ ብረት ጠበቅ አደረግሁት። አሁንም ጠበቅ። በሦስተኛው ቋ አለ። ብረቱ ተበጠሰ፣ እንጨቱም እስከ መሃሉ ተሰነጠቀ። እንዳልነካ የተነገረኝን ነገር ነክቼ፣ ያውም ላስደስት ብዬ።

አባቴ አናጢ እንደነበር ያውቃሉ፤ ስሜንም ያወጡልኝ ለዚያ ነው። ሰባራውን አገላብጦ አየና "ሰውየው መቼ ነው የሚመለሱት?" ብቻ ብሎ ጠየቀኝ። ለአልጋ ራስጌ ያስቀመጠውን ደረቅ እንጨት አውጥቶ ሰጠኝ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ላግኩ፣ ሞረድኩ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁ። ክር መወጠሪያዎቹን፣ የፋብሪካው ስም ያለበትን ብረት፣ አንገቱ ላይ የተደረደሩትን ሽቦዎች ሳይቀር ከአሮጌው ነቅዬ አዲሱ ላይ መታሁ። ቫርኒሹን እንዴት እንዳስረጀነው አልነግርዎትም፣ ተንኮል ማስተማር ይሆንብኛል። እንደገና እንዳይሰበር ፈርቼ ወፈር አደረግሁት። መዳፍዎን የሚሞላው የእኔ ፍርሃት ነው።

ተመልሰው ሲመጡ ጊታሩን አንስተው ዓይንዎን ጨፍነው ተጫወቱ። እኔ ጠረጴዛውን ይዤ ቆሜያለሁ። "ዕረፍት ተስማምቶታል" አሉ። ልናገር አፌን ስከፍት "ይገርምሻል፣ ገና አሁን እጄን አወቀኝ" አሉኝ። አፌን ዘጋሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የኔው ግን ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አልፈታ አለ።

እየተጫወቱበት ብቻ ቢሆን ኖሮ ምስጢሬን ይዤው እሞት ነበር። እርስዎ ግን መለኪያ አደረጉት። ሰው የጃፓን ነው ብሎ ጊታር ባመጣ ቁጥር የእርስዎ ከግድግዳ ይወርዳል፤ እንደሱ መዳፍ ካልሞላ ፎርጅድ ነው። እኔ ሁልጊዜ አጠገብዎ ነበርኩ። ፎርጅድ ተብለው ከተመለሱት ዐሥራ አንዱን አስታውሳለሁ። አንዳንዶቹ የምር ፎርጅድ ነበሩ፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን ጨምሮ ሁለቱ እንዳልነበሩ ያኔም ጠርጥሬያለሁ፤ የቀሩትን እንጃ። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ ከመጻፍሽ በፊት እዪ" ይሉኝ ነበር። እርስዎ ግን በእኔ እንጨት እየለኩ ይፈርሙ ነበር።

ለእርስዎ ክብር ብዬ ዝም አልኩ እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖሬያለሁ። መጀመሪያ እንዳያባርሩኝ ነበር፤ በኋላ ደግሞ እንዳይጠሉኝ። አባቴ ከሞተ ወዲህ "ልጄ" የሚለኝ ሰው ከእርስዎ ሌላ የለኝም።

እስከዚህ ድረስ የጻፍኩት ትናንት ነው፤ ዛሬ ሐሙስ ነው። ደብዳቤውን ልኬ፣ ሴትዮዋን ለሌላ ቀን ቀጥሬ፣ የእርስዎን መልስ ልጠብቅ አስቤ ነበር። እሷ ግን አራት ሰዓት ብላ በሦስት ተኩል መጣች፤ ልጇንም ይዛዋለች። ሌሊቱን እንዳልተኛች ፊቷ ይናገራል። ነገ ተመለሺ ማለት አቃተኝ።

አንገቱን እንደተፈታ አሳየኋትና "ኦርጅናል ነው" አልኳት። ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ልጇ ማኅተሙን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ ሁለት ጊዜ አነበበው።

"ታዲያ ያኔ ፎርጅድ ነው ያለው ማነው?" አለኝ።

"ጋሼ ናቸው፣ እሳቸው አርጅተዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል" ብል ይበቃኝ ነበር። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር ጋሼ፤ ይህንንም ልደብቅዎት አልፈልግም። ዋጥኩት።

"ጋሼ የለኩት በተበላሸ መለኪያ ነው፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ" አልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው።

ሴትዮዋ "ስድስት ዓመት ሙሉ ታውቂ ነበር?" አለችኝ።

"ጠርጥሬ ነበር።"

"አንድ ቀን በራችንን ብታንኳኪ ምን ነበረበት?"

ወረቀቱን ፈርሜ ሰጠኋት፤ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አንገቱን መልሼ እስካስር ቆመው ጠበቁኝ። ልጇ ጊታሩን አቅፎ ቀድሟት ወጣ፤ እሷም ደህና ዋይ ሳትለኝ ተከተለችው።

ይህን ነገር ከሰው ሁሉ በፊት መስማት የሚገባዎት እርስዎ ነበሩ። ሁለተኛ ስላደረግሁዎት እጅግ አፍራለሁ። ሰባራውን አንገት እስከዛሬ ቤቴ ደብቄ አቆይቼዋለሁ፤ አሁን አምጥቼ ጠረጴዛዎ ላይ አድርጌልዎታለሁ። የዐሥራ አንዱን ሰዎች ዝርዝር ጽፌያለሁ። ያሉበትን አፈላልጌ በየበራቸው እሄዳለሁ፤ ይህን ስንት ወር እንደሚፈጅ ባላውቅም ብቻዬን እሠራዋለሁ። የእርስዎን ጊታር ግን አልነካሁትም፣ ካሁን በኋላም ካላዘዙኝ አልነካውም።

ደብዳቤውን ከሰዓት በኋላ ለሚወጣው አውቶቡስ ሹፌር እሰጠዋለሁ፤ ማታውኑ ይደርስዎታል። እሑድ በዘጠኝ ሰዓት እንደሚገቡ ልጅዎ ነግራኛለች። ሌላ ሰው እንዲቀበልዎ ከፈለጉ ያስደውሉልኝ። እቀራለሁ ግን አልልም፤ ዓይንዎ ገና ነው፣ የመናኸሪያውም ደረጃ ክፉ ነው። ካልፈለጉ አያናግሩኝ። ሻንጣዎን ይዤ ከኋላ ከኋላዎ እሄዳለሁ።

"ልጅዎ" ብዬ ልፈርም ነበር፤ እሱን ለእርስዎ ትቼዋለሁ።

ሚስማር